ገደል የሌለው የገደል ማሚቶ

ለተወደድከው ወንድሜ ለሐብተ ማርያም አምሐ
ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ፀደንያስ ደህና ናት? ልጃችን ምስጢር ያ ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይነሣባታል? እኛ እዚህ ጎንደር፣ እማዬም አባባም እኔም፣ የእግዚአብሔር ቸርነት አልተለየንም። ከአንተ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም ማለት የደብዳቤ ወግ ነው፤ እኔም ወጉን አላፈርስም። ናፍቆቱ ግን ከተናደድኩብህ ወዲህ ትንሽ ጋብ ብሎልኛል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ስልክ ስደውልልህ ነገሩ የከበደህ እንደሆነ «ኔትወርክ ነው፣ አትሰሚኝም» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም። የጠዳዋ የአክስታችን ልጅ የትነበርሽ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእጇ ላክሁልህ። ሳታነብ ኪስህ ውስጥ የከተትከው እንደሆነ አስወጥታ ለፀደንያ ጮክ ብላ እንድታነብላት ነግሬያታለሁ።

የምጽፍልህ ስለ እነዚያ ሁለት ሞንታርቦዎች ነው። ለደብራችን በስጦታ ስትልካቸው ግንባራቸው ላይ የሱቅህን ስም በቀይ ቀለም ማስጻፍ አልረሳህም፤ እግዚአብሔር ማን እንደሰጠው እንዳይሳሳት ብለህ ይሆናል። ያን ሲሚንቶ ቸርቻሪ ሰውአገኝን ታስታውሰዋለህ? አሁን የድምፅ ማጉያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ኮሚቴውን ያቋቋመው እርሱ ነው፤ ሰብሳቢውን የመረጠውም እርሱ ነው። ሁለቱንም ከመግቢያው አጠገብ ደወል ቤቱ ላይ ሰቀላቸው፤ አንዱን ወደ አስፋልቱ፣ ሌላውን ወደ ዓውደ ምሕረቱ አዞረው። ምእመናኑ እየጸለዩ ስምህን እንዲያነቡ ብሎ ነው።

በኅዳሩ ንግሥ ታቦቱ ወጥቶ አባባ እንደ ልማዳቸው ሊቃውንቱን ይዘው ወረብ ጀመሩ። አባባ መሪጌታ የሆኑት አንተ ሳትወለድ ነው፤ ምት ስተው አያውቁም። ማይክሮፎኑ ከከበሮው አጠገብ ተተክሏል። ከበሮው አንዴ ሲመታ ሊቃውንቱ ሁለቴ ይሰማሉ፤ አንዱን እዚያው ከፊታቸው፣ ሌላውን ቆየት ብሎ ከደወል ቤቱ። ወደ መግቢያው ቀረብ ብሎ የቆመው ረድፍ ጮኾ የመጣውን ተከተለ፤ የወዲህኛው ረድፍ አባባን ተከተለ። ግማሹ መቋሚያ ሲነሣ ግማሹ ይወርዳል። ሕዝቡ ሣቀ። በአባባ ወረብ ላይ ሰው ሲሥቅ ሳይ የዚያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

ሰውአገኝ በማግሥቱ ኮሚቴውን ሰበሰበና ጥፋተኛውን አገኘ። «የኔታ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ደክሟል፤ ከምቱ እየቀደሙ ነው» አለ። እስከ ሚያዝያው ንግሥ ይታዩ፣ ካልተስተካከሉ ግን «በክብር ይረፉ» ተባለ። በክብር ማሳረፍ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ጋቢ አልብሰው፣ አጨብጭበው፣ ቦታቸውን ለሌላ ሰው መስጠት ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለህ ፊዚክስ ያስጠናሁህ እኔ ስለሆንኩ ይህን ስጽፍልህ የማፍረውም እኔው ነኝ። የከበሮው ምት ከማይክሮፎኑ እስከ ሞንታርቦው በሽቦ ሲሄድ ጊዜ ይፈጃል አይባልም። ከሞንታርቦው አፍ ከወጣ በኋላ ግን እንደማንኛውም ድምፅ በአየር ነው የሚመጣው፤ በአየር ደግሞ ድምፅ በሰከንድ ከሦስት መቶ አርባ ሜትር ብዙም አያልፍም። ከደወል ቤቱ እስከ ዓውደ ምሕረቱ መቶ ሜትር ያህል ነው፤ እንግዲህ የሰከንድ ሲሶ ይዘገያል። ለገበያተኛ ይህ ምንም አይደለም፤ ወረቡ ሲፋጠን ግን ከግማሽ ምት በላይ ነው። ቀሃ ወንዝ ወርዶ ልብስ ያጠበ ሁሉ ነገሩን አይቶታል፤ ማዶ ያለው ሰው ጋቢውን ድንጋይ ላይ ሲወቅጥ መጀመሪያ እጁን ታያለህ፣ ድምፁ የሚደርስህ ቆይቶ ነው። አንተ ግን ቀሃ የምትወርደው ለዋና ነበር፤ ጆሮህም ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ነበር።

ይህን ላስረዳ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ድምፅ ሞገድ ነው ብዬ ስጀምር ሰውአገኝ «ምነው መምህርት፣ ሞገድ ያለው ጣና ላይ አይደለም እንዴ?» አለ። ነገር በምሳሌ ብዬ የሚያውቁትን አነሣሁላቸው። ሊቃውንቱ ጎን ለጎን ቆመው ሲያሸበሽቡ ከአንዱ ዳር የተነሣው መወዛወዝ ሌላው ዳር ይደርሳል፣ ሰው ግን ማንም ከቆመበት አልሄደም፤ አየርም ጎረቤቱን ገፋ አድርጎ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ የሚጓዘው መገፋቱ ነው፣ ይህም ጊዜ ይፈጃል አልኳቸው። ሰውአገኝ ኮስተር ብሎ «ሊቃውንቱ ይገፋፋሉ ነው የምትይው?» አለኝ።

ከዚያማ ተሳሳትኩ። በቀላሉ ይግባቸው ብዬ፣ በገዛ እጃችን የገደል ማሚቶ ሠርተን ሰቀልን በሉት አልኩ። «ገደሉ የታለ?» አለ። የገደል ማሚቶ ገደል ይፈልጋል፣ ግቢያችን ደግሞ ሜዳ ነው ብሎ ደመደመ። ከጎኑ ያለው «ሜዳ ነው» አለ፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው «ሜዳ ነው» አለ፤ እንዲህ እያለ ጠረጴዛውን ዞረ። ያን ጊዜ ገደሉን አገኘሁት። ሰውአገኝ የጮኸውን ከመመለስ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ኮሚቴ ተሰብስቦ ሳለ እኔ ገደል ፍለጋ ሌላ ቦታ አያለሁ።

ውሳኔያቸውን ብትሰማ። ድምፁ ይዘገያል ከተባለ ከፍ ይደረግ፣ ከፍ ሲል ፈጥኖ ይደርሳል አሉ። ይህን ሰውዬ ሲሚንቶ አምኖ የሚያስይዘው ማን እንደሆነ እንጃ። ሹክ ያልከውም የጮኽከውም እኩል ነው የሚደርሰው፤ የጮኽከው ጆሮ ያደነቁራል እንጂ አይቀድምም። ወደ ውስጥ የዞረውን ብቻ ወደ አስፋልቱ አዙሩልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ብዬ ለመንኩ። የለጋሹ ስም አስፋልት ላይ ብቻ አይቀርም ተባልኩ። ለአንተ ስደውል ደግሞ «ዕቃው ኦርጅናል ነው፣ ድምፅ አያዘገይም» ብለኸኝ አረፍክ። አየሩም ኦርጅናል ነው ወንድሜ፤ የሚያዘገየው እርሱ ነው።

ለእነርሱ መሣቅ ይበቃኝ ነበር። አባባ ግን አመኗቸው። ዐቢይ ጾም ገብቶ ከበሮው ሲቀመጥ ያርፋሉ ብዬ ነበር፤ አላረፉም። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው የበሩን ደፍ በመቋሚያቸው እየመቱ እማዬን «ሸዋአየሁ፣ እኩል ነው?» ይሏታል። እኩል ነው ትላቸዋለች፤ አዝናልኝ ነው ይላሉ። ሰውአገኝ በጀሪካን የሚያመላልሰውን ጸበል ጆሯቸው ውስጥ ሲያስጨምሩ ከረሙ። እኔ ስለ ድምፅ ነግሬያቸው ነበር፤ «ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ተፈጥሮን አታጣምሚ» አሉኝ። አባባ ራሳቸውን ሲጠራጠሩ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

የሚያዝያው ንግሥ ደረሰ። ሞንታርቦው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ወረቡ ተጀመረ፣ ረድፉም እንደ ኅዳሩ ለሁለት ተከፈለ። ሰውአገኝ የክብሩን ጋቢ ክንዱ ላይ አጣጥፎ ይጠብቃል። በመሐል መብራት ሄደ። ሞንታርቦው ድምፁ ጠፋ፤ የቀረው አንድ ከበሮ ብቻ ሆነ። ሊቃውንቱ ትንሽ ተደናበሩና ገጠሙ፤ መቋሚያው አብሮ ተነሣ፣ አብሮ ወረደ። እልልታው ቀለጠ። አባባ እስከዚያ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ያኔ ገለጡት።

ሰውአገኝ መብራት ሠራተኛ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲሮጥ ቆይቶ ተመለሰና ደረጃው ላይ ወጣ። «የኔታ በጸበሉ ድነዋል» ብሎ አወጀ። ያለ ማይክሮፎን ተናግሮ ከኋላ የቆመው ሁሉ ሰማው፤ ነገሩ ግን አልታየውም። ቀጥሎም እንዲህ ያለ ሸጋ ወረብ በመብራት ምክንያት አስፋልቱ ድረስ ሳይሰማ መቅረቱ እንደሚያሳዝን፣ ለኅዳር ግን ወንድማችን ሐብተ ማርያም ጀነሬተር እንደሚልክ ተናገረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ ይሄኛው አውቆም አይደለም፣ የእውነቱን ነው የተኛው።

አባባ ቤት ገብተው ጥምጥማቸውን እየፈቱ «መብራቱ ሲሄድ ጆሮዬ መጣ» አሉ። ቀጥለው እስቲ ያን የነገርሽኝን ድገሚው አሉኝ፤ ከሽቦው ጀምሬ ደገምኩላቸው። ስጨርስ «ታዲያ እኔ አልቀደምኩማ። የዘገየው እርሱ ነው» አሉ። እህል በወጉ የበሉት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ጀነሬተሩን እንዳትልክ። ሰውአገኝ ሰሞኑን ይደውልልሃል፤ ለእርሱ ኔትወርክ እንደማይጠፋብህ አውቃለሁ። ወደ ውስጥ የዞረውን ሞንታርቦ ወደ አስፋልት አዙረው በለው። እኔ ስነግረው ሞገድ ነው፤ አንተ ስትነግረው ግን የለጋሽ ቃል ነው። ጀነሬተሩ ከመጣ የአባትህን መቋሚያ ከእጃቸው የሚቀማው ሰውአገኝ ብቻ እንዳይመስልህ፤ አንተም ነህ።

እማዬ ፀደንያን በጣም ሰላም በልልኝ፣ ምስጢርን ሳምልኝ ብላለች፤ ለሳሏ የሚሆን ማር በየትነበርሽ እጅ ልካለች። አባባ ሁላችሁንም መርቀዋችኋል፤ አንተን ለብቻህ ደግመው መርቀውሃል፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። የሱቅህን ሠራተኞችም ሰላም በልልኝ፤ ቀይ ቀለሙን የቀባውን ግን አይደለም።

ልፈርም ስል መብራት ሄደ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ጸጥ ብሏል፣ ሰፈሩ ይራገማል። አባባ ደጃፉ ላይ ሆነው «ተመስገን» ሲሉ ሰማኋቸው፤ አሁን ደፉን በመቋሚያቸው እየመቱ ነው። እኩል ነው።

እህትህ አመተ ሥላሴ አምሐ
ጎንደር፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.