ዛፎቹ ላይ ያሰርኩት ቀይ ክር

ይድረስ ለልጄ፤

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ደኅና ነኝ። ከምላሴ በቀር ሁሉ ነገሬ ለስልሷል።

ሐኪሟ ለደም ግፊቴ ክኒን ትጨምርልኛለች ብዬ ብሄድ ዛፍ አዘዘችልኝ። «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ጫካ ውስጥ ይንሸራሸሩ» አለችኝ። «ፍየል ነኝ እንዴ?» አልኳት። ግን ሄድኩ። አሁን ስፌት መኪናዬ ላይ ከመቀመጤ በፊት ከአባትሽ ጋር ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጫካ እንሄዳለን። ቅጠሉ ሲንሿሿ የደንበኞቼ ጭቅጭቅ ከጆሮዬ ይወጣል። ግፊቴም ወርዷል፤ ለሐኪሟ ግን እንዳትኮራብኝ አልነገርኳትም።

አባትሽ ከእኔ ብሶ ወዶታል። ወፉን ሁሉ በድምፁ ይለያል። ባለፈው ቆም ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣ «እመቤቴ፣ ከእኔ ጋር ሲዞሩ ባለቤትዎ አይቆጡም?» አለኝ። «እሱ ምን ቆርጦት!» አልኩት፤ ተሳሳቅን። መቼም ቀልድ ይወዳል።

ከጫካው እስከ ደጃችን ባሉት ዛፎች ላይ ቀይ ክር አስሬያለሁ፤ ለጌጥ ነው። በአባትሽ ኮት ገበር ላይም አድራሻችንን በመርፌ ጠለፍኩበት። በስተርጅና ፊደል ስቆጥር ትስቂብኝ ነበር፤ ይኸው ለስፌትም በጀ።

ፀጉርሽን ተቆርጠሽ ቀለም ተቀባሽ አሉ። ያምርብሽ ይሆናል። ስትመጪ ግን አሳድገሽው፣ ግድግዳችን ላይ እንዳለው ፎቶሽ ጎንጉነሽው ነይ። አባትሽ «ያቺ ባለ ጉንጉኗ ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላል።

ጫካው የሚያምረው አሁን ነውና አትቆዪ። እስክንገናኝ ደኅና ክረሚልኝ።

እናትሽ