በክርን የታለፈ ሰባተኛ ክፍል

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህን አሞህ ነበር ሲሉ ሰምቼ አሳስቦኛል፤ አሁንስ ተሻለህ? ሚስትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ። የልጅ ልጄም ደህና ናት። እናቷ ሥራ ስትሄድ እኔ ዘንድ ትውላለች፤ ቁመቷ እኔን አልፏል።

የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው። ብደውልልህ "እሺ እታለም፣ አየዋለሁ" ብለህ እንደምትዘጋው ስለማውቅ ደብዳቤ መረጥኩ።

መሥሪያ ቤትህ ለተማሪዎች ያደለው ታብሌት ቤታችን ከገባ ስምንት ወሩ ነው። አንድ መምህር በቪዲዮ ያነበንባል። በየአምስት ደቂቃው "ተማሪ፣ አለህ?" የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ "አለሁ" የሚለውን የነካ ሁሉ እንደተማረ ይቆጠርለታል። ይህን የፈለሰፍከው አንተ ነህ አሉ። እሰይ! ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የልጁን ታብሌት ከስፌት መኪናው አጠገብ ያስቀምጥና በክርኑ ይነካዋል። "እትዬ፣ በልጅነቴ ያቃተኝን ሰባተኛ ክፍል ዘንድሮ በክርኔ አለፍኩት እኮ!" አለኝ።

ሳቅኩ። ግን እኔስ ምን ስሠራ ከረምኩ? ልጅቷ "እማማ፣ አንዴ ብቻ ንኪልኝ" ብላ ትወጣለች፤ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ እነካላታለሁ። አንድ ቀን ከሦስት አራተኛና ከሁለት ሦስተኛ የትኛው እንደሚበልጥ ጠየቅኳት። "ምርጫዎቹ የታሉ?" አለችኝ። ምርጫ የለውም፣ አስቢ ብላት ተቆጣች፤ "እንዴ እማማ! እሱ ምዕራፍ እኮ አልቆ አረንጓዴ ሆኗል!" በእናንተ ሰሌዳ ላይ ከመቶ ዘጠና ስድስት አላት።

ለወላጆች ስብሰባ ያስተላለፍከውንም ንግግር ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ትምህርትን ለተማሪው ትርጉም ያለው እናደርጋለን አልክ። በምን? በኮከብ፣ በጭብጨባ ድምፅ፣ ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር በሚተኮስ የርችት ሥዕል። ከኋላዬ የነበረች እናት ተነሥታ "ልጄ ያልገባው ነገር ቢኖር ማንን ይጠይቅ?" አለች። ንግግርህ ቀድሞ የተቀረጸ ነውና ፈገግ ብለህ ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፍክ። እኔ ግን በአንተ ፈንታ አፈርኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካም። ከልጅቷ ጋር በየቀኑ ጠረጴዛ ከበን በእርሳስ እንሠራለን፤ ትሳሳታለች፣ ትነጫነጫለች፣ ትጠይቃለች። ባለፈው ሳምንት ፊርማህ ያለበት ወረቀት መጣ፤ ለአራት ሳምንት "ስላልተገኘች" በወሩ መጨረሻ ከክፍሏ ትሰረዛለች ይላል። አነበበችውና አለቀሰች። ሳትማር ስትገኝ ኖራ መማር ስትጀምር ጠፋችባችሁ!

አሁን ደግሞ ሳልነግርህ የኖርኩትን ስማ። ያ በልጅነትህ የተመዘገብክበት የርቀት ትምህርት ፖስታ በየወሩ ሲመጣ አንተ ኳስ ሜዳ ነበርክ። ጥያቄዎቹን እኔ እመልስልህ እንደነበር ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም፤ ባለቤቴም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳያውቅ ሞተ። አንድ ጊዜ አራሚው መምህር በወረቀቱ ዳር በቀይ ቀለም "መልሱ ልክ አይደለም፤ የሄድክበት መንገድ ግን ደስ ይላል። እንዴት እንዳሰብከው ጻፍልኝ" ብሎ ነበር። አራት ቀን አሰላስዬ ጻፍኩለት። በዕድሜዬ እንዴት አሰብሽ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው፤ እሱም አንተን መስዬው "አንተ" እያለ። በመጨረሻው ወረቀት ላይ ደግሞ "ይህን የሠራው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ንገረው" የሚል ጽፎ ነበር። ያንን ዳር በመቀስ ቆርጬ ቀሪውን ሰጠሁህ።

የሚቆጨኝ የእኔ ከትምህርት መቅረት አይምሰልህ። አንድ ቀን እንኳ "እስቲ ራስህ ሞክረው" አላልኩህም። ወረቀቱ ተሞልቶ ከተመለሰ ትምህርት ያለ የሚመስልህ ሰው ያደረግኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ዕዳው ለስንቱ ልጅ ተረፈ!

ስሟን በስልክ አስመልስልኝ ብዬ አልለምንህም፤ የአንተ ዘመድ በመሆኗ ከምታልፍ ብትሰረዝ ይሻላል። በእጇ የሠራችውን አንድ ገጽ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከአምስቱ ጥያቄዎች አንዱን ስታለች። ቁጭ በልና አንብበው፤ የት እንደሳተች ፈልግና እንዴት እንዳሰበች ጠይቃት። ያን ጊዜ ተገኝታ እንደሆነ ወይም ጠፍታ እንደሆነ ራስህ ትፈርዳለህ። ለሌሎቹም ልጆች የሚያነብላቸው ሰው መድብላቸው፤ ርችቱ ይቅርባቸው።

ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ቤትህን ይባርክልህ። ለአንተም ልብ ይስጥህ።

የልጅቷን ወረቀት ግን ሌላ ሰው እንዳያርምልህ። ሌላ ሰው ሲጽፍልህ እንደማውቅ ታውቃለህ።

ታላቅ እህትህ