ቤት በቤት የማውቀው መንገድ

ሰኔ 14 ቀን 1990፣ እሁድ
ከቅዳሴ መልስ ጎመኑን ኮተኮትኩ። ዝናቡ ገና አልያዘም።
እንደ ልማዴ መንገዱን በልቤ ሄድኩበት። የአሰብን ዋና መንገድ። ከወደቡ በር ተነስቼ... መጋዘኑ፣ የየመናዊው ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲው፣ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ የወንድሜ የግርማ ፀጉር ቤት። ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በር። በ83 ወጥቼ ወደ መርሳ ከተመለስኩ ሰባት ዓመቴ፤ አንድ በር አልረሳሁም። እሱ «ደንበኞቼን ለማን ጥዬ» ብሎ ቀረ። በየደብዳቤው «እትዬ፣ መንገዱ እንዳለ ነው» ይለኛል።
አሁን ጦርነት። ደብዳቤ የለም። ከአሰብ የሚወጣው ሰው በኮምቦልቻ በኩል መጥቶ እዚህ ይወርዳል። አሥራ አንድ ሰው ጠየቅሁ። አንዱ «ግርማ ልኮኝ ነው» ብሎ በልቶ፣ ጋቢ ይዞብኝ ሄደ። በኋላ ስሰማ አሰብን በዓይኑ አላየም።
ከእንግዲህ ማንንም ሳልፈትን አላምንም።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ
አንዲት ሴት መጣች። ሁሪያ እባላለሁ፣ ከአሰብ ነኝ አለች። ጫማዋ በገመድ ታስሯል።
«እማማ፣ ግርማ ልኮኝ ነው። ሚሌ ላይ በትኩሳት ወድቋል። የአሚና ሻይ ቤት ጀርባ ተኝቷል። እህቴ መጥታ ትውሰደኝ ብሏል።»
ልቤ ዘለለ። ግን...
«ፀጉር ቤቱ የት ነው?»
«ዋናው መንገድ ላይ። ከቪዲዮ ቤቱ... ማለቴ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ።»
«በሩስ?»
«አረንጓዴ... አይ፣ ሰማያዊ።»
«የቱ ነው?»
«ሰማያዊ።»
ዓይኗን ጣሪያው ላይ ሰቅላ፣ እንደ ሸመደደ ተማሪ። ያየ ሰው እንዲህ ይናገራል?
«ማን አስጠናሽ?» አልኳት።
መሬት መሬት አየች። በቃ፣ ገባኝ። ሸኘኋት።
አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን የካቶሊክ መነኮሳቱ፣ ሲስተሮቹ፣ «ያልተጣራ ነገር እውነት አይባልም» ይሉን ነበር።

ሰኔ 18
ጎረቤቴ ዘነበች ሰምታ ኖሮ፣ «ምነው እትዬ ፀሐይ፣ ሴትዮዋ ስደተኛ ናት ወይስ የሚኒስትሪ ተፈታኝ?» አለችኝ።
ሳቅሁ።
«እውነቷን ቢሆንስ?»
እውነት የሚናገር ሰው ሁለት ዓይነት በር የለውም አልኳት።

ሰኔ 25፣ ሐሙስ
የመርሳው ሹፌር ፍቅሩ ዛሬ ገባ። መንገድ ላይ ሲያየኝ መኪናውን አቁሞ ወረደ።
«እትዬ፣ ኧረ እርስዎ እዚህ ነዎት? ግርማን እኮ ማክሰኞ ሚሌ አየሁት! ሰውነቱ አልቋል። ‹እህቴ ሁሪያን ሳታምናት ቀርታ ይሆን?› እያለ...»
ስምንት ቀን። ስምንት ቀን ሙሉ ጎመን ስኮተኩት።
ነገ በጠዋቱ መኪና እሄዳለሁ።

ሰኔ 26
ባቲ። መኪናው ተበላሽቶ እዚሁ ልናድር ነው። በእግር ቢሆን ስንት ቀን ይወስዳል?

ሰኔ 27፣ ቅዳሜ
ሚሌ።
ሐሙስ ዐረፈ። ትናንት ቀበሩት።
አሚና እጄን ይዛ፣ «እስከ ረቡዕ ድረስ መኪና በቆመ ቁጥር ቀና ይል ነበር» አለችኝ። ባይነግሩኝ ይሻል ነበር? አይ... መስማት አለብኝ።
ተኝቶ መብላት አሳፍሮት የባሏን ፀጉር ልቁረጥ ብሎ ተነሳ አሉ። እኩሌታው ላይ ደከመው። ሰውየው እስካሁን ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ግማሹ እንደጎፈረ ነው። «ለምን አይጨርሱትም?» አልኩት።
«ሲሻለኝ እጨርሰዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለኝ።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ
ሁሪያን ስፈልግ ሰነበትኩ። ሲሪንቃ በቀን ሥራ አረም ስታርም አገኘኋት። ገና ስታየኝ ገባት። ማረሚያዋን ጥላ አለቀሰች። ከእኔ በፊት እሷ።
«ይቅር በይኝ» አልኳት። እንዲህ ብዬ የማውቀው መቼ ነው?
የእርሻው ድንበር ላይ ተቀመጥን።
«ትፈትንሻለች ብሎኝ ነበር፣ እማማ። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ትኩሳት የድሮውን መንገድ አስጠናኝ። እሷ የምታውቀውን ብቻ ንገሪያት አለኝ። ልብስ ሰፊው ሞቶ ቤቱ ቪዲዮ ቤት ከሆነ ቆየ። ግርማም የራሱን በር አረንጓዴ ቀብቶታል። ይህን ከሰማች ታዝናለች ብሎ በደብዳቤም አልነገረዎትም። እኔ ደግሞ የኖርኩበትና ያጠናሁት ተደባለቀብኝ።»
«ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?»
«ማን አስጠናሽ ሲሉኝ ‹እሱ ራሱ› ብል ያምኑኝ ነበር?»
አላምናትም ነበር።

ሐምሌ 19፣ እሁድ
ሁሪያ የጓሮውን ክፍል ከያዘች ሳምንቷ። አምጥቼ አስገባኋት እንጂ እሷስ እምቢ ብላ ነበር። ዘነበች ደግሞ አንድ ጥንድ ጫማ አምጥታላታለች። አሁን ሁለቱ አብረው ይስቁብኛል። ይሳቁ።
ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብለን ሳለ አንድ ነገር አሰብኩ። የዚያን ቀን ያንን ሁሉ ስጠይቃት... የእሷን አልጠየቅሁም።
«ያንቺስ ቤት የትኛው ነበር?»
ዓይኗ ጣሪያው ላይ አልነበረም፤ እኔን ነበር የምታየው።
«ከግርማ ሦስት በር አልፎ። ጠባብ ናት፣ ቡኒ በር። እናቴ የሞተችባት።»
ሦስት በር አልፎ። አላስታውሳትም። ስንት ጊዜ በደጇ አልፌ ይሆን?
«እናትሽን ማን ይሏቸው ነበር?» አልኳት።