ሽታ የሌለው እንግዳ

ሰኞ፣ ጁን 9
ዛሬም ራስ ምታት። ድስት አሳረርኩ... ደግሞ። ብሮንዊን ስትደውል "አባትሽ ገበያ ወጥቷል" አልኳት። ባለቤቴ ክላይቭ ከሞተ አራት ዓመቱ። ዝም አለች። የልጄን ዝምታ አውቀዋለሁ።
"እማ፣ የሚመጣው ሳምንት ዓርብ ያንን የአረጋውያን መጦሪያ እንየው። ማየት ብቻ።"
ማየት ብቻ! አእምሮዬ እየከዳኝ ይሆን? ፈራሁ። ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም።

ረቡዕ፣ ጁን 11
ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ጭንቅላቴ ጠራ። ለምን? መጽሐፍ የምታውሰው ታሊያ ራስ ምታቴ ቤት ውስጥ ብቻ እንደሆነ ብነግራት "ዛሬ ልብ ወለዱ ይቅርብዎና ይሄን ይውሰዱ" አለችኝ። የሳሙና ያህል ነጭ ሳጥን፤ ቤት ውስጥ መጥፎ ጋዝ ካለ በቁጥር ያሳያል።
"ምን ላደርግበት?"
"ያስቀምጡትና ይዩት። አይናከስም።"

ሐሙስ፣ ጁን 12
መኝታ ቤት ዜሮ። ሳሎን ዜሮ። ሰለቸኝ።
ከሰዓት ሾርባ ጥጄ ከምድጃው በላይ ያለውን የጭስ መምጠጫ ከፈትኩ። ሳሎን ስመለስ ሳጥኑ ይጮኻል! ካርቦን ሞኖክሳይድ ይላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። መስኮት ብከፍት ቁጥሩ ወረደ። ምድጃው ይሆን?

ዓርብ፣ ጁን 13
መስኮት አጠገብ ቆሜ እንደ ልጅ ተጫወትኩ። ምድጃውን አጥፍቼ መምጠጫውን ብቻ ከፈትኩ... ቁጥሩ ወጣ። የሳሎኑን የጋዝ ማሞቂያ አጠፋሁና ቤቱን አናፍሼ እንደገና ሞከርኩ። ዜሮ! ማሞቂያው ጭሱን በቧንቧ ወደ ጣሪያ ይልካል፤ መምጠጫው ወደ ቤት ይመልሰዋል ማለት ነው።
ግን ሁለቱም ስንት ክረምት አብረው ኖረዋል። ዘንድሮ ምን ተለወጠ? ማሞቂያውን አልነካውም፤ በብርድ ልብስ ነው የምኖረው።

ቅዳሜ፣ ጁን 14
ሶፋውን ስቤ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ በቴፕ ታሽጓል። የሌሎቹ ክፍሎችም። ለካ መምጠጫው ሌላ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ቢያጣ ነው በማሞቂያው ቧንቧ የሳበው። ብሮንዊን ናት፤ ክረምቱ ሳይገባ "እንዳይበርድሽ" ብላ ዞራ ያሸገቻቸው። ብርዳም ከተማችን ባላራት ውስጥ በብርድ ጊዜ ቀዳዳ የማይደፍን ማን አለ? እናቴም በጨርቅ ትደፍን ነበር... እሷ ግን እንዲህ ዓይነት መምጠጫ አልነበራትም።
ቴፑን አልነቀልኩትም። መጥታ ትየው።

ዓርብ፣ ጁን 20
ሳምንቱን ሙሉ ራሴን አላመመኝም። ብሮንዊን ኮቷን ሳታወልቅ "ተነሺ እማ፣ ይረፍድብናል" አለች።
"መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይሽ።"
ማሞቂያውን ለኮስኩ፣ መምጠጫውን ከፈትኩ። ተቁነጠነጠች። "አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው?" ሳጥኑ ጮኸ። ሁሉን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ ቀዳዳውን አሳየኋት።
ቴፑን በጥፍሯ ትነቅለው ጀመር። ፊቷ አመድ መሰለ። "እኔ ነኝ ያሸግኩት... ልገድልሽ ነበር።"
"እንዳይበርደኝ ብለሽ ነው።"
ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። መጦሪያው ቀረ። ሐኪም ዘንድ ግን ወሰደችኝ።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8
ማሞቂያው ተነቅሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ገባ። ራሴን ቀሎኛል። ድስትም አላሳረርኩም።
ዛሬ ጠዋት ግን የጎረቤቴ ውሻ ስም ጠፋኝ። ደነገጥኩ፤ ሮጬ ሳጥኑን አየሁት። ዜሮ። ይሄኛው መርሳት እንግዲህ የራሴ ነው... የሰባ ስድስት ዓመት ሴት መርሳት። እንዴት ደስ እንዳለኝ!
ለብሮንዊን ደውዬ ነገርኳት። ድሮ ቢሆን ዝም ትል ነበር። ዛሬ ሳቀችና "እኔም አላስታውሰውም እማ፤ ውሻ ብለሽ ጥሪው" አለችኝ።