ክፉው ወሬ ይቅደም

የአቶ አምባዬ ሰብሐት የሕይወት ታሪክ

አቶ አምባዬ ሰብሐት በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ እዚህ አትላንታ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

የሕይወት ታሪክ በልደት እንደሚጀመር ጠፍቶኝ አይደለም። ወንድሜ ባስተማሩበት ክፍል ሁሉ ክፉ ወሬ ያለው ሰው አስቀድሞ እሱን እንዲናገር ደንብ ነበራቸው። የራሳቸውም ታሪክ በዚሁ ደንብ እንዲጻፍ አደራ ስላሉኝ እንደ ቃላቸው አድርጌያለሁ። ጸሐፊዋ ታናሽ እህታቸው፣ የኮንየርሷ አሰፋሽ ነኝ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አቶ አምባዬ ከአባታቸው ከአቶ ሰብሐት ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውቢት ንዋይ በ1974 አሰላ ከተማ ተወለዱ። አባታችን የእርሻ ትራክተር መካኒክ ነበሩ። እጃቸው ከግሪስ ተለይቶ አያውቅም፤ የልጆቻቸውን ደብተር የሚያዩት ግን በሳሙና ደጋግመው ታጥበው ነበር። አምባዬ በአሰላ እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ በ1993 አጎታችን አቶ ነጋ ወደሚነግዱበት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገሩ። የገቡት ከኬፕ ታውን ራቅ ባለች፣ ዙሪያዋን የወይን እርሻ በሆነ ትንሽ ከተማ ነው።

አጎታችን የጠበቁት ሱቅ የሚቆምላቸው ሰው ነበር። አምባዬ ግን ትምህርት ቤት ካልገባሁ ብለው መግቢያ መውጫ አሳጧቸው። የከተማይቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ደግሞ በአፍሪካንስ ነበር። አፍሪካንስ ማለት ጥንት ከሆላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ቋንቋ፣ ከባሮቻቸውና ከአገሬው ሰው አፍ ጋር ተቀላቅሎ እዚያው የተወለደ ቋንቋ ነው። አምባዬ ጢም አውጥተው ከአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጡ። መምህርታቸው ወይዘሮ ፒተርሰን የሚባሉ፣ እናታቸው ወይን ለቃሚ የነበሩ ደግ ሴት ናቸው። አምባዬ ከትምህርት ሲመለሱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ሳሙና ሲጠይቃቸው፣ ስለ ሳሙና የሚያውቀውን ሁሉ ሳያስወሩት አይሰጡትም ነበር። አጎታችን ደንበኛ ልታሸሽብኝ ነው እያሉ ይጮሁባቸዋል። በሁለተኛው ዓመት ግን ቋንቋው ሞላላቸው።

በ1996 የመልቀቂያ ፈተና ሊወስዱ ወራት ሲቀሯቸው፣ አባታችን አሰላ ላይ በድንገት አረፉ። ለአጎታችን በስልክ ተነገራቸው። ተፈታኝ ልጅ እንዴት ይረዳል ተባለና ወሬው ተዋጠ። አምባዬ ስለ አባታቸው በጠየቁ ቁጥር ደህና ናቸው፣ ለሥራ ገጠር ወጥተዋል ይባሉ ነበር። በአፍሪካንስ ከክፍላቸው አንደኛ የወጡ ዕለት፣ አባትህ ሰምተው በጣም ደስ አላቸው ተባሉ። ያን ጊዜ አባታችን አፈር ከለበሱ ወራት አልፏቸዋል።

ፈተናው እንዳለቀ አንድ ቀን ማለዳ፣ በአካባቢው ከተሞች ያሉ የአገር ልጆች ተሰብስበው ወደ አጎታችን ቤት መጡ። ወንድሜ ለፈተናው እንኳን ደስ ያለህ ሊሉኝ ነው ብለው አሰቡ። አዲስ ሸሚዝ ለብሰው፣ እየሳቁ በር ከፈቱላቸው። ስለ ሐዘኑ ራሱ ብዙ ማውራት አይወዱም ነበር፤ ያቺን ሸሚዝ ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ ያነሷት ነበር።

በ1997 ከወይዘሮ አረጋሽ ጋር ትዳር መሠረቱ። ሙሽራይቱን የጠየቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ቤት ክፉ ወሬ ለማንም ሲባል አይደበቅም። ወይዘሮ አረጋሽም እሺ ብለዋል። በዓመቱ ሚካኤላ ተወለደች፣ በ2004 ደግሞ ፊሊሞን። በዚህ መካከል አምባዬ የመምህራን ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ከ2001 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአፍሪካንስ መምህር ሆኑ።

የሚያስተምሯቸው ልጆች አብዛኞቹ በቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ጥቁሮች ነበሩ። አፍሪካንስን በወላጆቻችን ላይ በግድ የተጫነ ነው ብለው ይጠሉታል። እውነት አላቸው። ወንድሜ አልተከራከሯቸውም፤ ያንን ቁጣ በራሱ በአፍሪካንስ እንዲናገሩት አደረጉ። ክፍሉ ሲጀመር ተማሪ ሁሉ በተራ እየተነሳ የዕለቱን ክፉ ወሬ ይናገራል፣ ከዚያ ደጉን ያስከትላል። አንዱ ውሻው መጥፋቱን፣ አንዷ አባቷ ሥራ መፍታቱን ትናገራለች። ደንቡ በዚያው ቋንቋ «ስሌኽተ ኑስ ኤርስተ» ይባል ነበር፤ ክፉው ወሬ ይቅደም ማለት ነው። የምር የሚናገረው ነገር ያለው ሰው ቃል አይጠፋውም ይሉ ነበር።

በ2011 ዲቪ በወይዘሮ አረጋሽ ስም ደርሷቸው ቤተሰቡ አትላንታ ገባ፤ ታከር በምትባል የከተማው ዳርቻ ቤት ተከራየ። አምባዬ እኔ ወዳለሁበት ወደ ኮንየርስ እየተመላለሱ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነዱ። አንድ ቀን የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ የሆኑት አለቃቸው እግራቸው ላይ ሣጥን ወድቆባቸው በአፍሪካንስ ሲራገሙ፣ ወንድሜ ከፎርክሊፍቱ ላይ ሆነው በዚያው ቋንቋ እግዜር ይማርዎት አሏቸው። ሰውዬው ሕመማቸውን ረሱት። የሰውዬው ልጆች በሚማሩበት፣ በከተማው ሰሜን በኩል ባለ አንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከዚያ አገር የመጡ ሌሎችም ቤተሰቦች ነበሩ፤ ልጆቻቸው ቋንቋቸውን ተምረው እንዲፈተኑበት መምህር ሲያፈላልጉ ከርመዋል። በ2013 አምባዬ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲያስተምሩ ተቀጠሩ።

ወንድሜን አሜሪካ ውስጥ ደስ ብሏቸው ያየኋቸው በእነዚያ ዓመታት ነው። ሚካኤላ ከፍ ስትል ረዳታቸው ሆነች። መኪና ውስጥ ሲሄዱም ሲመጡም የሚያወሩት በአፍሪካንስ ነው፤ እኛ ከኋላ የተቀመጥነው አንድም አይገባን። ሲሳሳቁ ስለ እኛ ያወራሉ ብለን እንጠረጥር ነበር፣ ሳይሆን አይቀርም።

በሜይ 2018 ትምህርት ቤቱ ለሚመጣው ዓመት በቂ ተማሪ ስለሌለ ክፍሉ ተዘግቷል ብሎ አሰናበታቸው። እውነቱ ሌላ ነው። አንዳንድ ወላጆች ቋንቋውን ተምሮ ያወቀ ሳይሆን በቋንቋው የተወለደ ይምጣልን ብለው ነበር። ትምህርት ቤቱ ረዳት የነበረችውን፣ ደቡብ አፍሪካ ተወልዳ ያደገችውን አስታወሰ። ለሚካኤላ ተደወለላት። የሃያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። እናቷን አማከረች፤ እናቷ የጋብቻቸውን ሚዜ አቶ ታደገን አማከሩ፤ አቶ ታደገ ሽማግሌዎችን አማከሩ። ለባዕድ ከሚሰጥ ቤት ውስጥ ይቅር ተባለ። ለአምባዬስ? ይሰበራሉ፣ ቀስ ተብሎ ይነገራቸዋል ተባለ። የሚነገርበትን ቀን ግን የቆረጠ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ያ ዓመት እንዴት እንዳለፈ ልጻፍ። ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጠው፣ ክፍሉ የተከፈተ ዕለት ይጠቅማል እያሉ አዳዲስ ትምህርት ያዘጋጃሉ። ለሚካኤላ እስቲ እዪልኝ ብለው ይሰጧታል። እሷም ኮምፒውተር ላይ አስቀምጥልሃለሁ ብላ ትወስድና፣ በሳምንቱ ውስጥ ለእነዚያው ተማሪዎች ታስተምርበታለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎች ክፍሉ መቼ ይከፈታል ይሏቸዋል። ተማሪ እንዳገኙ ነው ሲሉ፣ እያወቁ አይዞዎት ይከፈታል ይሏቸዋል። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። እኔ አልተነገረኝም፤ አሰፋሽ አፏ አያርፍም፣ ለወንድሟ ትነግረዋለች ተብሎ ነው። ስለ እኔ የተባለው ልክ ነው።

በኤፕሪል 2019፣ ሁዳዴ ውስጥ፣ ወንድሜ ዶራቪል ገበያ ጎመን ሲመርጡ የአንድ ተማሪያቸው እናት አገኙዋቸውና በአፍሪካንስ ሰላም አሏቸው። ሴትዮዋ ክፋት የለባቸውም፤ ሊያመሰግኑ ነው የመጡት። ልጄ እራት ላይ ክፉው ወሬ ይቅደም እያለ የሆነውን ሁሉ ይነግረናል፣ ደንብዎን ልጅዎ እንዳለ ጠብቃዋለች፣ ምን ያለች አስተማሪ ናት አሏቸው። ወንድሜም አመሰገኑ። የጎመኑንም ሒሳብ ከፍለው ወጡ።

ቤት ገብተው ለሚካኤላ በአፍሪካንስ ዛሬ ወሬ አለ ወይ አሏት። የለም አለች። እስከ እራት ጠብቀው እንደገና ጠየቋት፤ የለም አለች። ከዚያ የሰሙትን ነገሯት። ወይዘሮ አረጋሽ እንዳይከፋዎት ብለን ነው ሲሉ፣ ወንድሜ የመለሱትን ራሳቸው በኋላ እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ።

«ሥራውንማ ብትጠይቁኝ በእጄ አስረክባት ነበር። ልጄ አይደለች? ያስተማርኳት እኔ አይደለሁ? ዓመት ሙሉ ያቺን ሸሚዝ አልብሳችሁ አስቀመጣችሁኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤት ውስጥ አፍሪካንስ ከአፋቸው አልወጣም። ሚካኤላን እርስዎ ይሏት ጀመር። የገዛ ልጁን እርስዎ እያለ ጨው አቀብሉኝ የሚል አባት ያላየ ሰው፣ ቤት ውስጥ ብርድ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሚካኤላ ሥራውን ልልቀቅ ብላ ለመነቻቸው፤ ተማሪዎቹ ምን አደረጉ፣ ያስተምሩ አሏት። አቶ ታደገ ሽማግሌ ይዘው ቢመጡ፣ ቤት ለእንግዳ ብለው አስተናግደው ሸኙዋቸው እንጂ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተናገሩም።

በበጋው ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። በኦገስት 2019 ኦፕሬሽን ገቡ። ሐኪሙ ወጥቶ ለቤተሰቡ በሽታው የቆሽት ካንሰር መሆኑን፣ ተሠራጭቶ ስላገኘው ምንም ሳይነካ እንደዘጋው ነገረን፤ ለእሳቸው ጠዋት እነግራቸዋለሁ አለ። ገና ከሰመመን አልነቁም። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ምክሩ እንደገና ተጀመረ። ሐኪሙን እንለምነው፣ ፍልሰታ እስክትፈታ ይቆይ፣ ትንሽ ያገግሙ ተባለ። እኔ አለቀስኩ። ሲከራከሩ ሚካኤላ ከመካከላችን ተነስታ ገባች። ተከትያት በር ላይ ቆምኩ። እንደነቁ እጃቸውን ያዘች።

«ስሌኽተ ኑስ ኤርስተ፣ ዳዲ» አለቻቸው። «ካንሰር ነው። ስፕሬድ አድርጓል። ምንም ሳያወጡ ነው የዘጉት። እነማሚ ጾሙ እስኪፈታ እንዳይነገርህ እያሉ ነው።»



«ደጉስ?» አሏት።

«ደግ የለኝም። እኔ መጀመሪያ መንገሬ ብቻ ነው።»

«ይበቃል» አሉ። «አሁን አስተማሪ ሆንሽ።»

ሆንሽ ነው ያሉት። እርስዎ ማለቱ እዚያ ላይ ቆመ። ይቅር ብያታለሁ የሚል ቃል ግን ከአፋቸው አልሰማሁም፤ ያልሰማሁትን አልጽፍም። እኔ በበኩሌ እዚህ ያላችሁትን፣ ታውቁ የነበራችሁትን ሁሉ፣ ገና ይቅር አላልኩም። እሞክራለሁ።

የቀሯቸውን ሳምንታት በሕክምናና በቤታቸው አሳለፉ። በኦክቶበር መጨረሻ እኔን አስጠርተው ታሪኬን አንቺ ጻፊው፣ አንቺም እንደኔ ያልተነገረሽ ነሽ አሉኝ። ወይዘሮ አረጋሽ ይህ ጽሑፍ እንዳይነበብ ለምነውኝ ነበር። አንብበው ሲጨርሱ አለቀሱና፣ ይነበብ አሉ። ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

አቶ አምባዬ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አረጋሽን፣ ልጃቸውን ፊሊሞንን፣ አሰላ ያሉትን እናታችንን ወይዘሮ ውቢትን፣ እኔን እህታቸውን፣ እንዲሁም በሁለት አገር ያስተማሯቸውን ልጆች ትተው ሄደዋል። ሚካኤላን በመጨረሻ የጻፍኩት በእሳቸው ትእዛዝ ነው። ስሟ እንዲህ ተብሎ እንዲነበብ አዝዘዋል፤ ሚካኤላ አምባዬ፣ የአፍሪካንስ መምህርት። እናታችን መርዶውን ባረፉበት ዕለት ወዲያው ተረድተዋል፤ አንድ ቀን አልዋለም፣ አላደረም።

ክፉው ወሬ ቀድሟል፤ አሁን ደጉን ልናገር። ወንድሜ አምባዬ ያልተነገራቸው ነገር ሳይኖር ሞቱ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ምንም ነገር ከማንም ወደማይደበቅበት ቤቱ ያስገባልን፤ እኛንም እውነቱን በጊዜው የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።