የግራው ምስማርና የቀኙ

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ አሁን ደረጃውን ያስወጣዎታል? እትዬስ እንዴት ናቸው? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን። ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ያረጀ ማርሽ መስላለች፣ ቢያዩዋት ይስቁ ነበር። እናቴም ወንድሜን ሳምልኝ ብላለች።

ከሰላምታው ወዲያ ያለውን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ይኼኛውንም ሳልቀደው ቶሎ ልጨርስ፤ ችኩሌ ብለው ያወጡልኝ ስም መቼም አይለቀኝም።

የከብት ሐኪሟን መኪና አይረሷትም። ጭቃ በገባች ቁጥር አንዱ ጎማ ብቻ በከንቱ እየተሽከረከረ ቢያስቸግራት፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስረውን ሎክ ግጠሙልኝ ብላ አመጣቻት። እርስዎ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፈረንሻል ፈትተው ሁለት ቀን ሙሉ እንዳጎነበሱ ዋሉ። ሎኩ አዲስ ስለሆነ ትልቁ ጥርስ፣ ኮሮናው፣ ከድሮ ቦታው ፈቀቅ ብሎ ነበር፤ ከትንሹ፣ ከፒኞኑ ጋር እንደገና ማስማማት ያስፈልግ ነበር። ግራና ቀኝ የሚገቡትን ስስ የብረት ቀለበቶች፣ ሺሞቹን፣ ከአንዱ ወገን ቀንሰው ለሌላው ይጨምራሉ፤ ጥርሱን ቢጫ ቀለም ቀብተው ያዞራሉ፤ ቀለሙ የተፋቀበትን ቦታ አይተው ራስዎን ይነቀንቁና እንደገና ይፈቱታል። ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። እኔ በሦስተኛው ይበቃል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን እነዚህ ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን አብረው ሊኖሩ ነው፣ ሠርጋቸውን አታጣድፍባቸው ብለው ሳቁብኝ።

በስምንተኛው ቀለሙ ልክ የጥርሱ መሀል ላይ ተፋቀ። እንደ ልማድዎ የሺሞቹን ልክ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፉ፤ የግራውን ከግራው ምስማር በላይ፣ የቀኙን ከቀኙ በላይ። በእርስዎ ሕግ የፈታ ሰው ሺሞቹን በየምስማራቸው ሳይሰቅል ሌላ ነገር አይነካም፣ መልሶ ሲገጥምም ቀለም ቀብቶ ሳያይ አይዘጋም። ቅዳሜ ነበር። ክዳኑን ግጠምና ዘይት ሙላ ብለውኝ ወደ ቤትዎ ሄዱ።

ክዳኑን ልገጥም ስል ወደ ሎኩ አየር የሚወስደው ቀጭን የመዳብ ቱቦ ኮሮናውን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ቱቦውን ለማቃናት ሁሉንም ፈትቼ አወጣሁት። ምስማሮቹ እጄን ብዘረጋ የምደርስባቸው ነበሩ፤ እኔ ግን የግራውንም የቀኙንም ሺም አንድ ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩት። በዘጠኝ ሰዓት ኳስ ነበር፣ ጓደኞቼ እየጠበቁኝ። ምክንያቱ ይኼው ነው አጎቴ፤ የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ። ወፍራሙ የግራ ነው ብዬ በግምት ከተትኩ። ቀና ብዬ ግድግዳውን አላነበብኩም። ቀለም አልቀባሁም። ዘጋሁት፣ ዘይት ሞላሁ፣ እጄን ታጥቤ ሄድኩ። ቡድናችንም ተሸነፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ዳገት ላይ የኮሮናው ጥርስ ረግፎባት ቀረች። ምጥ ወደ ያዛት ላም እየሄደች ነበር። በእግሯ ስትደርስ ላሟም ጥጃውም ሞተው አገኘቻቸው። መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ ባለጋራዡ ግቢውን በጩኸት አናወጠው፤ ይኼን የሠራ ሰው ከነገ ጀምሮ ይኼን ደጅ አይረግጥም አለ። ልጄ ያኔ ገና ሁለት ወሯ ነበር፤ እርስዎም በዚያው ጠዋት ጥርስ አበቀለች ወይ ብለው ቀልደውብኛል።

ማንንም ሳያስጠጉ ብቻዎን ፈቱት። እኔ በመስኮት አይዎት ነበር። ሺሞቹን በመዳፍዎ ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አንስተው ግድግዳው ላይ የጻፉትን ልክ ጠረጉ። ወጥተውም ለባለጋራዡ፣ ዓይኔ ነው፣ ቀለሙን አጥርቼ አላየሁትም፣ እርጅና መጣ አሉት።

አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። አፌ ተያዘ ብል ውሸት ነው፤ ዝም አልኩ እንጂ። ይባስ ብሎ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ቀለል አለኝ። በማግስቱ የመሣሪያ ሣጥንዎን ተሸክሜ እስከ አውቶቡሱ የሸኘሁዎት እኔ ነኝ፤ በሳምንቱ በቦታዎ የተተካሁትም እኔው። ከዚያ ወዲህ አንድ መኪና በተበላሸ ቁጥር፣ የሽማግሌው ዓይን የነካው ይሆን እያሉ ሲቀልዱ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፌያለሁ።

የምነግርዎት ቀን ጠፍቶ አይደለም። ልጠይቅዎ በመጣሁ ቁጥር እትዬ እጅዎን ይዘው ወደ ወንበሩ ሲመሩዎት እያየሁ ሻዬን ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ዓይንዎ እውነት ደክሟል ብዬ ማመን ተመቸኝ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ደወሉልኝ። እንደ ቀልድ ነው ያወሩኝ። ለአጎትህ ደብዳቤውንም ጋዜጣውንም የማነብለት እኔ ነኝ፣ ታዲያ ትናንት ከገበያ ቀደም ብዬ ስመለስ በመስኮት ባየው መርፌዬን አንስቶ ባንዴ ክር አስገባባት፤ ኮቴዬን ሲሰማ መርፌዋን ጥሎ ዓይኑን ያሻል፣ ምን ይሉታል ይኼን ብለው ሳቁ። አብሬያቸው መሳቅ አቃተኝ። ስልኩን ዘግቼ ሄጄ ሁለቱ ምስማሮች ፊት ቆምኩ። ጨርቅዎ ያለፈበት ቦታ አሁንም ከሌላው ግድግዳ ነጣ ይላል።

ትናንት ለባለጋራዡ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት፣ እርስዎ በቆሙበት ቦታ ቆሜ። ይኼን ሁሉ ዓመት አለና ቢሮው ገባ። እስካሁን አልጠራኝም። ቢያባርረኝ የምከራከርበት አፍ የለኝም። ለሐኪሟም ደውዬ ስለ ላሟ ይቅርታ ጠየቅኳት። ሽማግሌው ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እጽፍላቸዋለሁ አልኳት።

መኪናዋ ያው ዕቃ እንደገና አስቸግሯት ሰሞኑን እኛው ጋ ናት። አዲስ ኮሮናና ፒኞን መጥቶላታል፤ ሐኪሟም ሽማግሌው ካልገጠሙት አልወስድም ብላለች። እኔም አልነካሁትም። ሺሞቹን በየምስማራቸው ሰቅያለሁ፤ ግድግዳው ላይ ግን ምንም አልጻፍኩም። ጠመኔው ድሮ በሚያስቀምጡበት ነው።

እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እትዬን ያቆይልዎ። እጅዎንም ይባርክልኝ፤ እኔ ያዋረድኩትን ስምዎን እሱ ያክብርልኝ። ይቅርታ የምለው ግን ፊትዎ ቆሜ እንጂ በወረቀት አይደለም።

ፊደሉን እንዲህ ያሳነስኩት ወረቀት አጥሮኝ እንዳይመስልዎ። እትዬ በመነጽራቸውም ቢሆን እንዳያነቡት ብዬ ነው። እርስዎ ያነቡታል።

የእህትዎ ልጅ