ቁልቁለቱ ላይ የሚመጣው ንዝረት

ሐምሌ 6፣ ጠዋት
መኪናዋ ዛሬም ተንቀጠቀጠች። ሌሞ ቁልቁለት ላይ፣ እግሬን ከነዳጅ ሳነሣ። ከወለሉ ሥር ይጀምርና መቀመጫውን ያርገፈግፈዋል። ሲሞቃት ይጠፋል። ጉም ነበር፤ ከፊቴ ያለው የፈረስ ጋሪ እንኳ አይታይም። የአንጋጫ ነጋዴዎችን ልጭን እየሄድኩ ነበር፣ አባባ እንደ ሁልጊዜው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኔ። ንዝረቱ ሲመጣ "አቤት" አሉ። ማን ጠራዎት አልኳቸው።

ሐምሌ 8
ጎማ መስሎኝ የፊቱን ወደ ኋላ አዟዟርኩ። ለውጥ የለም። ፎር ዊሉን አውጥቼ ነዳሁ። ያው። ካምቢዮውን ዜሮ አድርጌ ለቀቅኳት። ያው። ስለዚህ ሞተሩ አይደለም፤ ሆዷ ሥር የሚሽከረከር ነገር ነው።
አባባ ዛሬም መለሱ። ሰው ደጅ ቆሞ ሲጠራቸው እንደሚመልሱት። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ጸጉሬ ቆመ።

ሐምሌ 11
ማን እንደሚጠራቸው አባባ ምሳ ላይ ነገሩኝ። ልጃቸው ማርቆስ ነው ይላሉ።
ወንድሜ ይቺን አሮጌ መኪና ለእኔ ትቶ በየብስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወጣ ሁለት ክረምት አለፈ። ከድንበር ማዶ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ደላሎቹ የወሰዱት ከዚያው ቁልቁለት ነው፣ በጉም። አሁን ከመኪናው ሥር የሚያንኳኳው እሱ ነው ይላሉ፤ ልጅ ሳለ የጓዳውን በር እንደሚያንኳኳው። ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አንዴ ዘግየት ብሎ።
ልስቅ ፈለግኩ። አልቻልኩም። አንኳኳኩን እኔም ለይቼዋለሁ።

ሐምሌ 13
ጋሽ ሙስጠፋ ጋራዥ። ሥሯ ገብተው ትራስሚሲዮኑን፣ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ረጅሙን ብረት፣ በእጃቸው አወዛወዙ። መጋጠሚያው ላይ ያለው መስቀለኛ ብረት፣ ክሮቸራው፣ ግራሶ ቅባቱን ጨርሷል፤ ዝጎ ቀይ ዱቄት ተፍቷል። በብርድ ይደርቃል። ነዳጅ ስሰጥ ተወጥሮ ይይዛል፣ ሳነሣ ይላላና ያንኳኳል። ብረት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቀለለኝ።
"ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ ከተበጠሰ ትገለበጫለሽ" አሉኝ። "ሰው አትጫኚባት።"
ለአባባ እንዳለ ነገርኳቸው።
"ተይው" አሉ። "ሌላ ምን ድምፅ አለኝ?"

ሐምሌ 14
አስቀየርኩት። ነጋዴዎቹ እኔን አምነው ነው የሚሳፈሩት፤ ልጅ ያዘሉም አሉ። ጋሽ ሙስጠፋ አሮጌውን ክሮቸራ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። እዚያው ትቼው ወጣሁ። አባባን ላናግር ሞከርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሐምሌ 15፣ ጠዋት
አባባ አይመጡም ብዬ ነበር። ቀድመውኝ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል።
ቁልቁለቱን ጸጥ ብላ ወረደች። ይህን ያህል ጸጥታ ከብዶኝ አያውቅም። አባባ "አቁሚ" አሉ። ወረዱ። ዞረው የኋላውን በር ከፈቱ፣ ይዘውት ቆሙ። ጉሙ ገባ። ከዚያ ቀስ አድርገው ዘጉት፣ ተመልሰው ተቀመጡ።
"ሂጂ፣ በርዶታል" አሉ።
ሆሳዕና ከተማ እስክመለስ የኋላ ማሳያ መስታወቱን ቀና ብዬ አላየሁም።

ሐምሌ 18
ከአንጋጫ ገበያ ሦስት ሴቶች ጫንኩ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ከአባባ ጀርባ ልትቀመጥ ስትል "ሰው አለበት" አሏት። እኔን አየችኝ። ሽማግሌ ናቸው፣ አትያዥባቸው ልላት ነበር። አላልኩም። ወደ ጓደኞቿ ተጠጋች፤ ቦታው ባዶውን መጣ። መንገዱን ሁሉ ቀሚሷን ከዚያ በኩል ሰብስባ ይዛ ነበር።
ሆሳዕና ስትወርድ እኔን ደህና ዋይ አለችኝ፣ አባባን ደህና ይዋሉ። ከዚያ ወደ ባዶው ቦታ ዞራ፣ ጎንበስ ብላ፣ ደህና ዋል አለች።
ምን አይታ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አልጠይቃትምም። ከነገ ጀምሮ እዚያ ቦታ ሰው አልጭንም።